አንገት የሚይዘው ብረት

 ሰሞኑን ትንሽ ተወቅሰን ሰነበትን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው እትማችን የመጨረሻ ገጽ ላይ የወጣችውን ካርቱን ታስታውሳላችሁ። ባልና ሚስት ፎቶ ቤት ገብተው ይነሣሉ። ፎቶ አንሺው «ፈገግ በሉ» ይላል። ሚስትየዋ ከላይ ፈገግ ብላለች፤ ከነጠላዋ ሥር ግን የባሏን ጎን እየቆነጠጠች ነው። ሥዕሏ ተወዳለች፤ ሁለት ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፋ አይተናታል። በሦስተኛው ቀን ግን አንዲት እናት ዝግጅት ክፍላችን ድረስ መጡ። ተቀመጡ ብንላቸው እምቢ አሉ።

«ልጆቼ፣ ሥዕላችሁ ጥሩ ነው፤ እኔም ስቄያለሁ» አሉን። «ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የውኃው ወረፋ ግማሽ ቀን ሲፈጅ እርሳሳችሁ ይዶለዱማል። ሚስት ላይ ሲሆን ይሾላል። ለምንድነው?»

እርስ በርስ ተያየን። መልስ አልነበረንም። «እትዬ፣ እናስብበታለን» ብለን ሸኘናቸው፤ እሳቸውም እንደማናስብበት በሚያውቅ ሰው አስተያየት አይተውን ሄዱ።

እኛ ግን አሰብንበት። ከመሀላችን አንዱ የድሮ የፈረንሳይ ጋዜጦችን ሥዕል ማየት ይወዳል። «ይህ ጥያቄ እኮ አዲስ አይደለም፤ ፓሪስ ውስጥ ከ180 ዓመት በፊት የተነሣ ነው፤ ካሜራም ባልና ሚስትም አለበት» አለን። ስለዚህ የዛሬውን ወጋችንን ከዚያ እንጀምር። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልን።

ሻርል ፊሊፖን የሚባል ሰው በዲሴምበር 1832 ፓሪስ ውስጥ «ለ ሻሪቫሪ» የተባለ ጋዜጣ አቋቋመ። በየቀኑ የሚወጣ፣ በየቀኑም አዲስ የስላቅ ሥዕል የሚይዝ ጋዜጣ ነበር። ስሙ ራሱ ወግ አለው። በድሮው ፈረንሳይ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ልጅ እግር ሲያገባ፣ ወይም እገሌን ሚስቱ ደበደበችው ተብሎ ሲወራ፣ የሰፈሩ ጎረምሶች ማታ መስኮቱ ሥር ይሰበሰባሉ። ድስትና መጥበሻ እየደበደቡ፣ እየጮኹ እንቅልፍ ይነሡታል። የመጠጥ ገንዘብ ካልሰጣቸው አይሄዱለትም። ሻሪቫሪ ማለት ያ ጫጫታ ነው። እንግዲህ ጋዜጣው ገና ከስሙ የሰው ትዳር መስኮት ሥር የቆመ ነው ማለት ይቻላል።

ፊሊፖን ግን መጀመሪያ ድስቱን ሊደበድብ የፈለገው በንጉሡ መስኮት ሥር ነበር። ንጉሡ ሉዊ ፊሊፕ ጉንጩ የሞላ፣ ግንባሩ የጠበበ ሰው ነው። ፊሊፖን በ1831 በሌላ ጋዜጣው ተከሶ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የንጉሡን ፊት በአራት ሥዕል ደረጃ በደረጃ ወደ ፒር ሲለወጥ አሳየ። ፒር ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ያለ ፍሬ ነው፤ ያላየ ሰው የቅል ቅርጽ አድርጎ ያስበው። ከዚያ በኋላ የፓሪስ ልጆች በየግድግዳው ፒር መሣል ጀመሩ። ንጉሡን ሰደብክ እንዳይባሉ የሣሉት ፍራፍሬ ነው!

ከፊሊፖን ጋር ከሚሠሩት መሀል ኦኖሬ ዶሚዬ የሚባል በ1808 ማርሴይ የተወለደ ወጣት ነበር። እሱ ደግሞ ንጉሡን ወንበር ላይ የተቀመጠ ግዙፍ ሆዳም አድርጎ ሣለው፤ ከድሆች የተሰበሰበው ገንዘብ በእንቅብ እየተጫነ በተጋደመ ሳንቃ ላይ ወጥቶ አፉ ውስጥ ይገባል። ለዚህች ሥዕል 500 ፍራንክ መቀጮና የስድስት ወር እስር ተፈረደበት፤ በኦገስት 1832ም ወኅኒ ወረደ። ዕድሜው ገና 24 ነበር።

ጉዳችን የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በጁላይ 1835 ንጉሡን ለመግደል ሙከራ ተደረገ፤ ንጉሡ ተረፈ። በሴፕቴምበር አዲስ የፕሬስ ሕግ ወጣ። ሕጉ በቃል የተጻፈውን አስቀድሞ አላገደም፤ ሥዕል ግን ከመታተሙ በፊት ፈቃድ ያስፈልገዋል አለ። ተመልከቱ፤ ከጽሑፍ ይልቅ የተፈራው ሥዕል ነው። ማንበብ የማይችለውም ያየዋላ!

ታዲያ ሠዓሊ መብላት አለበት። ጋዜጣው በየቀኑ ሥዕል ይፈልጋል። ንጉሡ ተከለከለ፣ ሚኒስትሩ ተከለከለ፣ ዳኛውም ብዙ አያስጠጋም። ማን ቀረ? ጎረቤት ቀረ። ጠበቃው፣ የቤት አከራዩ፣ ወፍራሙ ነጋዴ፣ ባል፣ ሚስት። ዶሚዬ ከ1839 እስከ 1842 ባለው ጊዜ ስለ ትዳር ጠባይ 60 ሥዕል ያለው ተከታታይ አወጣ።

ከነዚያ አንዷን እንንገራችሁ። አንድ ባል የተቀደደ ሱሪውን ይዞ ይቆጣል። የሚቆጣው ሚስቱን ብቻ አይደለም፤ ዦርዥ ሳንድ የምትባለውን ደራሲ ጭምር ነው። እሷ በወንድ ስም የምትጽፍ፣ የጋብቻን ሕግ የምትነቅፍ ሴት ነበረች። ባልየው የዚህችን ሴት መጽሐፍ እያነበበች ነው ሚስቴ ሱሪ መጥቀም የተወችው ባይ ነው። መፍትሔውም ወይ ፍቺ ይፈቀድ ወይ ደራሲዋ ትታገድ። እኛ ይህችን ሥዕል ስናይ የሳቅነው በባልየው ነው። መርፌ አንሥቶ እንደ መጥቀም! ዶሚዬም በባልየው እንድንስቅ የፈለገ ይመስለናል፤ በሱ ሥዕል ብዙ ጊዜ ባሎቹ ከሚስቶቹ የባሱ ሞኞች ናቸው። ሥዕሏ የወጣችው በ1839 ነው።

ዓመቱን ያዙልን፤ ካሜራው የመጣው በዚሁ ዓመት ነውና።

በኦገስት 19 ቀን 1839 ፍራንስዋ አራጎ የተባለው ሊቅ ፓሪስ ውስጥ በሊቃውንት ፊት ቆሞ የሉዊ ዳጌርን ፎቶ የማንሣት ዘዴ ለዓለም ገለጸ። መንግሥት ምስጢሩን የገዛው ለዳጌር በዓመት 6,000 ፍራንክ፣ ለሟቹ ባልደረባው ለኒዬፕስ ልጅ ደግሞ 4,000 ፍራንክ ጡረታ ቆርጦ ነው። ዘዴው እንዲህ ነበር። የመዳብ ሳህን በብር ይለበጣል፤ እንደ መስታወት እስኪያበራ ይወለወላል፤ በአዮዲን ጢስ ይታጠናል፤ ካሜራ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በሞቀ ሜርኩሪ እንፋሎት እንደገና ሲታጠን ምስሉ ብቅ ይላል። ሜርኩሪ መርዝ ነው፤ የዚያን ጊዜ ፎቶ አንሺዎች ያንን እንፋሎት ሲተነፍሱ ነው የሚውሉት። የሚሸጠው ሙሉ መሣሪያ 400 ፍራንክ ያወጣ ነበር፤ ለተራ ሠራተኛ የወራት ደመወዝ ነው።

አራት ወር ሳይሞላ፣ በዲሴምበር 1839፣ ቴዎዶር ሞሪሴ የተባለ ሠዓሊ «የዳጌር እብደት» ብንለው የሚስማማ አንድ ትልቅ ሥዕል አወጣ። ሥዕሉ በሰው ተጨናንቋል። ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ወደ ፎቶ ቤቱ ይጎርፋል፤ ሰማይ ላይ ካሜራ ያንጠለጠለ ፊኛ ይበራል። ጥግ ላይ ደግሞ ለቅርጻ ሠዓሊዎች የሚከራይ የስቅላት እንጨት ቆሟል። እንግዲህ እንጀራችሁ አለቀ፣ ተከራይታችሁ ተሰቀሉ ማለቱ ነው። ሳቁ መራራ ነው፤ ሞሪሴ ራሱም በእጁ ሥዕል የሚበላ ሰው ነበርና።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትልቁ ችግር ጊዜ ነበር። በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ሳህኑ ብርሃን እስኪጠጣ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል፤ ሰው ደግሞ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኑን ያርገበግባል፣ ያነጥሳል። ዶሚዬ በ1840 በካሜራ አጠገብ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ሣለ፤ ከሥሩም ትዕግሥት የአህያ ሙያ ነው የሚል ትርጉም ያለው ተረት አኖረ። በ1840 የመጣው የፔትስቫል ሌንስና ሳህኑን የሚያፈጥኑት ኬሚካሎች ነገሩን አቀለሉት፤ በ1842 ገደማ ከደቂቃ በታች ወረደ። ግን እስቲ ለሠላሳ ሰከንድ ብቻ ሳትነቃነቁ ቁጭ በሉ። ለመዝገብ ፎቶ ስንነሣ «አትሳቅ፣ አትነቃነቅ» ሲሉን እንኳ ለአንዲት ቅጽበት ስንቶቻችን ነን ያበላሸነው?

መላው ብረት ነበር። ከተቀማጩ ጀርባ ዘንግ ይቆማል፤ ጫፉ ላይ ያለው ሹካ መሳይ ብረት ማጅራቱን ይይዘዋል። ከፊት አይታይም። አንዳንዱን የድሮ ፎቶግራፍ አተኩራችሁ ብታዩት ግን ከሰውየው ጫማ ኋላ የዘንጉ እግር ብቅ ብሎ ይገኛል። ዶሚዬ በ1847 «ደጋጎቹ ቡርዣዎች» በሚለው ተከታታዩ ውስጥ ይህንን ብረት ሣለው። ይህ ተከታታይ የባልና ሚስቱን የቤት ኑሮ፣ ሽርሽሩን፣ ጭቅጭቁን የሚያሳይ ነው፤ በመሀሉ ነው ሰውየው ፎቶ ቤት የሚገባው። ጭንቅላቱ በብረት ተይዟል፤ እንደ ግንድ ደርቋል። ከሥር ያለው ጽሑፍ ግን ቆንጆ ምስል ለማግኘት እጅግ ምቹ የተባለ አቀማመጥ ይኸው ነው ይላል።

ካሜራው የሚያስቀረው ምስል እንግዲህ ይህ ነው። ከመድረቁ በፊት የነበረው የለም፤ ብረቱ ሲለቀቅ ሰውየው አንገቱን እያሸ የተናገረውም የለም። ካርቱኑ ያንን ነው የሚሥለው። ሌላም ነገር አለ። የዳጌር ሳህን እንደ መስታወት ግራና ቀኙን ያገላብጣል። ፈረንሳዮች የጋብቻ ቀለበት የሚያደርጉት በግራ እጅ ነው፤ በሳህኑ ላይ ግን በቀኝ ይታያል። ደግሞ ሳህኑን በደንብ ካላዘነበላችሁት ምስሉ ይጠፋና የራሳችሁን ፊት ታያላችሁ። ሚስት የባሏን ምስል ልታይ ብላ ራሷን! እኛ ብንሆን በዚህ ላይ ስንት ካርቱን እንሥልበት ነበር።

ታዲያ ከትዳሩስ ጀርባ ብረት አልነበረም? ነበረ እንጂ። በ1804 የወጣው የናፖሌዎን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚስት ለባሏ ትታዘዝ ይላል። ያለ ባሏ ፈቃድ ፍርድ ቤት መቆም አትችልም፤ ንብረት መሸጥም አትችልም። ፍቺ በ1816 ጨርሶ ተከለከለ። ተለያይቶ መኖር በዳኛ ሊፈቀድ ይችላል፤ ሌላ ማግባት ግን የለም። ሚስት ብትወሰልት ከሦስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ትታሰራለች። ባል ቢወሰልት ከ100 እስከ 2,000 ፍራንክ ይቀጣል፤ እሱም ውሽማውን እዚያው ከሚስቱ ጋር በሚኖርበት ቤት ካኖራት ብቻ ነው! ሱሪው የተቀደደበት ሰውዬ ፍቺ ይፈቀድ ብሎ ሲጮህ ያስቃል ያልነው ለዚህ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ፍቺ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለማን እንደነበረ ፍረዱ።

ስለዚህ እትዬ ላነሡት ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ተገኘ ብለን ነበር። ትልቁ ሲከለከል ሳቅ ወደ ትንሹ ይወርዳል። እርሳሱ የሚሾለው መልስ የማይሰጥ ሰው ላይ ነው። ከኛ ሁለቱ እዚህ ላይ ይብቃን፣ እንጻፈው አሉ።

ግን ወዳጃችን አላስጨረሰንም። «1848ን ረሳችሁ» አለ። እውነቱን ነው። በፌብሩዋሪ 1848 አብዮት ተነሣ። ፒሩ ንጉሥ ዙፋኑን ትቶ ወደ እንግሊዝ ሸሸ። የ1835ቱ ሕግ ተሻረ፤ ሠዓሊዎች ነፃ ወጡ። ዶሚዬም እንደገና ፖለቲከኞችን መሣል ጀመረ፤ እንዴት አድርጎ! ግን በዚያው ዓመት አዲሱ መንግሥት የፍቺን መብት ለመመለስ ሐሳብ ሲያቀርብ ዶሚዬ ምን ሣለ? ፍቺ የሚጠይቁትን ሴቶች የሚያላግጥባቸው ተከታታይ ሥዕል። በ1849 ደግሞ በፖለቲካ የሚሳተፉ ሴቶችን። ከዚያም በፊት፣ በ1844፣ «ሰማያዊ ካልሲ» እየተባሉ በሚሰደቡ ሴት ጸሐፊዎች ላይ 40 ሥዕል ሠርቶ ነበር። ከነዚያ በአንዷ እናት ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ትጽፋለች፤ ከኋላዋ ሕፃኗ በጭንቅላቱ መታጠቢያው ውኃ ውስጥ ተዘፍቋል። አባትየው የት ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሥዕል አልተሠራም።

ይህ ነገር አከራክሮናል። አንዳችን «ሰውዬው የዘመኑ ሰው ነው፣ ምን ታደርገዋለህ» አለ። እውነት ነው፤ ዶሚዬ ለድሃ የቆመ፣ ለዚያም የታሰረ ሰው ነው። እንወደዋለን። ወደ 4,000 የሚጠጋ ሥዕል በድንጋይ ላይ ሠርቷል፤ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባት እርሳስ እየሣለ፣ ሌሊቱን ተትሞ ጧት ለሰው እንዲደርስ። ግን ሕጉ ለ13 ዓመት ወደ ቤት ውስጥ ሰደደው፤ ሕጉ ሲነሣም እጁ የለመደውን አልተወም። እትዬ ካነሡት ሁሉ ለኛ የከበደን ይኼኛው ነው። የውኃውን ወረፋ የማንሥለው ማን ከለከለን? አንድም ደብዳቤ አልደረሰንም፤ አንድም ሰው መጥቶ አላስፈራራንም። ሚስት መሣል ይቀላል፣ ሰውም ይስቃል፣ በቃ።

ወደ ፈረንሳይ እንመለስና ነገሩን እንጨርሰው። በ1854 ዲዝዴሪ የሚባል የፓሪስ ፎቶ አንሺ በአንድ ሳህን ላይ ብዙ ትንንሽ ምስል የሚያወጣ ዘዴ አስመዘገበ፤ ደርዘኑን በ20 ፍራንክ ሸጠ። ከዚያ ወዲህ ነው የባልና ሚስት ፎቶ እንደ ሰላምታ ካርድ በየዘመዱ የተላከው፣ አልበም የሚባለውም ነገር በየቤቱ የገባው። እዚህ ካምፕም ወንድም ለእህቱ፣ እጮኛ ለእጮኛው የሚልከው ያችኑ ነው፤ ከጀርባዋ «ለማስታወሻ» ተብሎ ይጻፍባታል። ሠዓሊዎቹ ይህንንም አልማሯትም። ማርስለን የተባለው በ1856 «ፎቶግራፍ ይውደም» የሚል ርእስ ሰጥቶ ተዘባበተበት።

የሚገርመው የናዳር ነገር ነው። ናዳር ራሱ ካርቱን ሠዓሊ ነበር፤ በ1850ዎቹ አጋማሽ ጠላት ወደተባለው ወገን ዞሮ ፎቶ ቤት ከፈተ። በ1858 በፊኛ ወጥቶ ከሰማይ ፎቶ አነሣ። ሞሪሴ ከ19 ዓመት በፊት ለቀልድ የሣላት ፊኛ እውነት ሆነች ማለት ነው። ዶሚዬ በ1862 ናዳርን በፊኛ ቅርጫት ውስጥ ካሜራውን ይዞ፣ ባርኔጣው በነፋስ ሲወሰድበት ሣለው። ከታች ፓሪስ ናት፤ በየሕንፃው ላይ «ፎቶግራፍ» የሚል ጽሑፍ። ከሥሯ ደግሞ ናዳር ፎቶግራፍን ወደ ጥበብ ከፍታ ሲያወጣት ይላል። ሁለቱ አልተጣሉም፤ የዶሚዬን ፊት ዛሬ የምናውቀው ናዳር ባነሣው ፎቶ ጭምር ነው።  ዶሚዬ በ1879 ሞተ። የፍቺ ሕግ የተመለሰው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 1884 ነው።

የኛ ሠዓሊ ይህን ሁሉ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ሲሰማ ነበር። ምንም አልተናገረም። በማግሥቱ አንድ ወረቀት አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለልን። የውኃ ቧንቧው አለ። ጄሪካኖቹ ተሰልፈዋል። ከየጄሪካኑ ኋላ ሰው ቆሟል፤ ወንዱም ሴቱም ማጅራቱ በብረት ተይዞ ደርቋል። ቧንቧው ፊት ባለሦስት እግር ካሜራ ተተክሏል፤ አንዱ ሰውዬ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ «አትነቃነቁ፣ ትንሽ ነው የቀረው» ይላል። ፊቱ በጨርቁ ስለተሸፈነ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ከመሀላችን አንዱ «ጨርቁን ትንሽ ገለጥ አድርገው» አለው። ሌላው «ተው፣ እንዲህ ይሻላል» አለ። እስካሁን አልተስማማንም፤ ማተሚያው ግን ስለማይጠብቀን እንዳለች አውጥተናታል።

እትዬ፣ ሥዕሏ የመጨረሻው ገጽ ላይ ናት። ዝግጅት ክፍሉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው፤ ዘንድሮ እንኳ ወንበሩ ላይ ይቀመጡልን።